የእኅቴ ኮምፒዩተር በቅንጃ

የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ዓመት ስለ ምን ልጽፍ እንዳሰብሁ ሲጠይቁኝ፤ «ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ስለ ሁለት ፕሮሰሰሮች» ብዬ ብመልስላቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈገግ አሉ። ነገሩ የጥገና ሱቅ ወሬ መስሎአቸው ይሆናል። እኔ ግን ባለፈው መስከረምና ጥቅምት ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ሒሳብ ከዚህ ማሽን ስለ ተማርሁ፤ ደግሞም ነገሩ የቤታችንን እንጀራ የሚነካ ስለ ነበረ፤ እንደ ተራ ወሬ ልቈጥረው አልቻልሁም።

ኮምፒዩተሩ የታላቅ እኅቴ ነው። እትዬ (ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንደዚህ ነው) የሕንፃ ሥዕል ትሠራለች። ይህም ማለት መሐንዲሱ የነደፈው ቤት ተሠርቶ ቢያልቅ ምን እንደሚመስል፤ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ጥላው ወለሉ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፤ ልክ በፎቶግራፍ እንደ ተነሣ አድርጋ ለባለቤቱ ታሳያለች። የቤት ኪራያችን የሚከፈለው ከዚህ ሥራ ነው። የምትሠራበት ማሽን ኤች ፒ ዜድ 620 የሚባል፤ በ2012 ለገበያ የወጣ ወርክስቴሽን ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እርስዋ የገዛችው በውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ ከወጣ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያሠሩ ሰዎች 40 ሥዕሎች ከገና በፊት እንድታስረክባቸው ጠየቋት። ሥራው ትልቅ፤ ክፍያውም ደኅና ነበር። ችግሩ ጊዜው ነው። እትዬ ሞዴሉን በእጅዋ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ፤ ኮምፒዩተሩ የብርሃኑን መንገድ አስልቶ ሥዕሉን እስኪያወጣላት ድረስ መጠበቅ አለባት፤ ይህንንም ባለሙያዎቹ ሬንደር ይሉታል። አንዱ ሥዕል በሙሉ መጠኑ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በ40 ባባዛው 8,000 ደቂቃ፤ ማለትም 133 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። ይህ እንግዲህ ደንበኛው አንድም ነገር ካላስለወጠ ነው። ደንበኛ ደግሞ ያስለውጣል። ሶፋው ግራጫ ይሁን ይላል፤ በማግሥቱ ግራጫው አላማረኝም ይላል፤ ለእያንዳንዱም ቃል 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይከፈላል። መብራት በመካከሉ ሲሄድ የሚባክነውን ሰዓት አልቈጠርሁም።

በፊታችን የነበረው መንገድ ሁለት ይመስል ነበር፤ ወይ ተበድሮ አዲስ ማሽን መግዛት፤ ወይ ሥራውን አልችልም ብሎ መመለስ። እናታችን ብድር የሚለውን ቃል እንኳ መስማት አትወድም። «በብድር የተገዛ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ አይመቸኝም» አለች። ሥራውን መመለስ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራም በር እንደ መዝጋት ነው፤ እንቢ የተባለ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣምና።

ሦስተኛው መንገድ የተገኘው ከማሽኑ ከራሱ ነው። የኮምፒዩተሩን ጎን ከፍቼ አቧራ በምጠርግበት ቀን፤ በማዘርቦርዱ ላይ ምንም ያልተሰካበት አንድ ረጅም ማስገቢያ አየሁና ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መመሪያውን አነበብሁ። ዜድ 620 ሲሠራ ጀምሮ ሁለተኛ ፕሮሰሰር እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር በማዘርቦርዱ ላይ ከ8 የሜሞሪ ማስገቢያዎች ጋር ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግን የራሱ 4 የሜሞሪ ማስገቢያዎች ባሉት በሌላ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ፤ ሰሌዳው በዚያ ባዶ ማስገቢያ ይሰካል። ይህን ሰሌዳ ራይዘር ይሉታል። ገዢው ሁለተኛውን ሳይፈልግ ሲቀር ቦታው ባዶውን ይኖራል። የእትዬም ማሽን እንዲሁ በግማሽ ጐኑ ብቻ ሲሠራ ኖሮአል ማለት ነው።

ይህን ለቤተ ሰቡ ባስረዳሁ ጊዜ ከሁሉ በፊት የገባቸው አያታችን ናቸው። «ቅንጃ ነዋ!» አሉ። እርሳቸው ያደጉት በገጠር ስለ ሆነ፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ እንደሚያርስ ያውቃሉ። ወዲያውም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «በሬዎቹ እኩያ ናቸው ወይ? አንዱ ጉልበታም ሌላው ደካማ ከሆነ ቀንበሩ ይጣመማል።» የሚያስደንቀው ነገር የማሽኑም ሕግ ይኸው መሆኑ ነው። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ዐይነት መሆን አለባቸው።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። የእትዬ ማሽን ይዞት የነበረው ፕሮሰሰር የኢንቴል ዚዮን ኢ5-1620 ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቍጥር ስንት ሆነው አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ ይናገራል፤ 1 ከሆነ ብቻውን፤ 2 ከሆነ ሁለት ሆኖ፤ 4 ከሆነ አራት ሆኖ ይሠራል። ፕሮሰሰሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ኪው ፒ አይ የተባለ መስመር አለ፤ እርሱም እንደ ቀንበሩ ነው። ኢ5-1620 ይህ መስመር የለውም። ስለዚህ ለነባሩ በሬ ጓደኛ መፈለግ አይቻልም፤ እርሱን አሳርፎ አዲስ ጥማድ መግዛት ነው። ሰው ሁሉ «ሁለተኛ ፕሮሰሰር ጨምር» ሲል የሚረሳው ይህንን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገዛው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

ያሰብነው ዚዮን ኢ5-2670 የተባለውን ነበር። እርሱም በ2012 የወጣ፤ 8 ኮር ያለው፤ መደበኛ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ የሆነ፤ እስከ 115 ዋት የሚፈጅ ፕሮሰሰር ነው። አዲስ ሳለ ለታላላቅ የመረጃ ማእከሎች ሰርቨር የተሠራ ውድ ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ማእከሎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰርቨሮቻቸውን ሲቀይሩ በብዛት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ስለ ወጣ ዋጋው እጅግ ወደቀ። የነባሩ ኢ5-1620 ኮሮች ግን 4 ብቻ ቢሆኑም ፍጥነታቸው 3.6 ጊጋኸርዝ ነው። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ፈጣን የሆኑ 4 ሠራተኞችን አሰናብተን፤ እያንዳንዳቸው ቀርፈፍ ያሉ 16 ሠራተኞችን ልንቀጥር ነው። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ አይሲቲ መምህራችን ሄድሁ። እርሳቸውም መልሱን ከመስጠት ይልቅ ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ ጂን አምዳል የሚል ስም ጻፉልኝ። አምዳል በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የታወቁ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1967 ባቀረቡት አጭር ጽሑፍ ላይ ዛሬ የአምዳል ሕግ የሚባለውን ሐሳብ አስረድተዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሥራ 100 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ ለሁለት ሊከፈል የሚችለው ግማሹ ብቻ ከሆነ፤ ሁለት ፕሮሰሰር ቢመጣ 50ው ደቂቃ እንዳለ ይቀራል፤ ሌላው 50 ወደ 25 ይወርዳል፤ ድምሩ 75 ነው። ፕሮሰሰሩ እጥፍ ሆኖ ጊዜው የቀነሰው በሩብ ብቻ ነው ማለት ነው። 90 እጁ የሚከፈል ከሆነ 55 ደቂቃ ይሆናል። ያ የማይከፈለው 10 ደቂቃ ግን ሺህ ፕሮሰሰር ቢደረደር እንኳ ከ10 ደቂቃ በታች አይወርድም። መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው፤ «እኅትሽ የምትሠራው ሥራ ከየትኛው ነው? መጀመሪያ እርሱን ለክተሽ ነይ» አሉኝ።

እንዴት ይለካል? እትዬ የምትጠቀምበት ብሌንደር የተባለው ነጻ ፕሮግራም፤ ሬንደር ሲያደርግ በስንት ክር እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። አንድ ትንሽ የሙከራ ሥዕል መረጥንና፤ ምንም ሌላ ፕሮግራም ሳይከፈት፤ መጀመሪያ በ1 ክር፤ ቀጥሎ በ2፤ ከዚያም በ4 አሠራነው። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ መዘገብሁ። በ1 ክር 48 ደቂቃ፤ በ2 ክር 24 ደቂቃ ተኩል፤ በ4 ክር 13 ደቂቃ ፈጀ። ሠራተኛው አራት እጥፍ ሲሆን ሥራው ወደ አራት እጥፍ ተጠግቶ ፈጠነ። ይህን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። እትዬ የምታስረክበው ሥዕል በወርድ 3,840 በቁመት 2,160 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 8,294,400 ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ፤ በየትኛው ግድግዳ ነጥሮ በየትኛው መስተዋት እንዳለፈ ያሰላል። አንዱ ነጥብ የጎረቤቱን ነጥብ መልስ አይጠብቅም። ሥዕሉ ትልቅ ማሳ ነው፤ ከዚህ ጥግ አንዱ፤ ከዚያ ጥግ ሌላው ቢጀምር ማንም ማንን አያውክም።

የእጅ ሥራዋ ግን እንዲህ አይደለም። ሞዴሉን ስትሠራ፤ ግድግዳ ስታነሣ፤ መስኮት ስትቈርጥ፤ የኮምፒዩተሩን የሥራ መቈጣጠሪያ ከፍተን ተመለከትነው። አንዱ ኮር ብቻ ሲለፋ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይመለከታሉ። መስኮቱ የሚቈረጠው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነውና አንዱ እርምጃ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል። በዚህ በኩል አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች እንደማይጠቅሙአት፤ ይልቁንም ከነባሩ ጥቂት እንደሚዘገዩባት አስቀድሜ ነገርኋት። እርስዋም ለጥቂት ጊዜ አሰበችና፤ «የሚያሳብደኝ መጠበቁ እንጂ መሥራቱ አይደለም» አለችኝ። በዚህ ቈረጥን።

መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ ጨምረው ነበር። ለምን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ አትገዙም? ብሌንደር በግራፊክስ ካርድም ሬንደር ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም ከፕሮሰሰር ይልቅ ይፈጥናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ያንን ቢመርጥ አልቃወምም። ነገር ግን በአቅማችን የምናገኘው ካርድ የራሱ ሜሞሪ ትንሽ ነው፤ የእትዬ ሞዴሎች ደግሞ በዛፍና በሣር የተሞሉ ስለ ሆኑ አይበቃቸውም። ፕሮሰሰሩ ግን የማሽኑን 32 ጊጋባይት ሜሞሪ በሙሉ ይጠቀማል።

ግምትም ጻፍን። የነባሩ 4 ኮር በ3.6 ሲባዛ 14.4፤ የአዲሶቹ 16 ኮር በ2.6 ሲባዛ 41.6፤ አንዱ ለሌላው ሲካፈል 2.9 ያህል። ስለዚህ 200 ደቂቃ የነበረው ወደ 69 ደቂቃ ይወርዳል ብዬ በደብተሬ ላይ አሰፈርሁና ለመምህራችን አስፈረምሁ። (ፊርማው ለቀልድ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀኑንም ጻፉበት።)

ዕቃው የተገኘው በአክስታችን በኩል ነው። ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ለዘመድ ሠርግ ስትመጣ ራይዘሩን ከነማቀዝቀዣው፤ ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች በልብስ መካከል ጠቅልላ አመጣችልን። ዋጋው በሙሉ ተደምሮ እትዬ ልትበደርለት ካሰበችው አዲስ ማሽን አምስተኛ እጅ አይሞላም። ከመታዘዙ በፊት ግን ያጣራናቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሌላም ሰው ቢያስብ ስለሚጠቅሙት ልናገራቸው። ኤች ፒ ዜድ 420 የሚባለው ማሽን ከዜድ 620 ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ዜድ 620ም ራሱ ሁለት ዐይነት ነው፤ በመነሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ቡት ብሎክ ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈው ዓመት 2011 ከሆነ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ትውልድ ኢ5-2600 ብቻ ነው፤ 2013 ከሆነ ግን ሁለተኛውንም ትውልድ ይቀበላል። የእኛው 2011 የሚል ስለ ሆነ የመጀመሪያውን ትውልድ ገዛን። ዊንዶውስም ሆም የተባለው ዐይነት ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር አይጠቀምም፤ ፕሮ የተባለው ሁለት ይጠቀማል። የእትዬው ፕሮ ነበር። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም።

የመግጠሚያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናታችን ከበሩ ላይ ቆማ፤ «አንቺ ልጅ፤ ይህ ነገር ባይነሣ ሰኞ ምን እንበላለን?» አለች። ጥያቄው ሳያስቆጣኝ አልቀረም፤ እውነት ስለ ነበረ። እትዬ ግን የሠራችውን ፋይል ሁሉ አስቀድማ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣ ስለ ነበር ጠመንጃ መፍቻውን በእጄ ሰጠችኝ።

የሚያስፈራው ሥራ አንድ ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ 2,011 መገናኛዎች አሉት፤ እነርሱም እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብረት ጫፎች ሆነው የሚገኙት በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን በመቀመጫው ውስጥ ነው። አንዱ ቢጣመም ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ጠርዝና ጠርዙን ይዤ፤ ሳልገፋ፤ ራሱ እንዲያርፍ ለቀቅሁት። ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ ጥቂት የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አድርጌ ማቀዝቀዣውን አሠርሁ። በራይዘሩ ላይም እንዲሁ አደረግሁ።

ሜሞሪው ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። እትዬ 4 ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪዎች ነበሩአት፤ ሁሉም በመጀመሪያው ፕሮሰሰር በኩል። እንደዚያው ብንተዋቸው ሁለተኛው ፕሮሰሰር እህሉን ሁሉ ከጎረቤት ጎተራ እያመጣ እንዲበላ መፍረድ ነው፤ ከራሱ አጠገብ ያለውን ማንበብ ፈጣን ነው፤ በኪው ፒ አይ መስመር ተሻግሮ ማምጣት ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሁለቱን ነቅዬ በራይዘሩ ላይ ሰካሁአቸው፤ ለየራሳቸው 16 ጊጋባይት ደረሳቸው። አዲስ ሜሞሪ መግዛት አላስፈለገንም። የሚገዛ ሰው ግን ሬጅስተርድ የሚባለውንና ያልሆነውን ዐይነት በአንድ ማሽን ውስጥ እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ፤ አብረው አይሠሩም።

ራይዘሩን ሰክቼ ክዳኑን ዘጋሁና አበራነው። ፋኖቹ ጮኹ። መስኮቱ (ማለት የኮምፒዩተሩ ሞኒተር) ጥቁር ነው። አሥር ሴኮንድ፤ ሃያ ሴኮንድ። ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ። እናታችን ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ግን ከንግግር ይበልጥ ነበር። አዲስ ፕሮሰሰርና የተዛወረ ሜሞሪ ያገኘ ማሽን በመጀመሪያው ቀን ራሱን ለማወቅ ጊዜ እንደሚወስድ አንብቤ ስለ ነበር እጄን ከማጥፊያው አራቅሁት። ከዚያም የኤች ፒ ምልክት ብቅ አለ፤ በመነሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለቱም ኢ5-2670 ጎን ለጎን ተጽፈው አየን። በሥራ መቈጣጠሪያው ላይ 8 የነበሩት ትንንሽ ሳጥኖች 32 ሆነዋል፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ክር ስለሚይዝ ነው።

ያንኑ 200 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ሥዕል አዘዝነው። እትዬ ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ሥዕሉ አለቀ። ሰዓቱ 64 ደቂቃ ይላል። ከግምቴ 5 ደቂቃ ያነሰው፤ እነዚህ ፕሮሰሰሮች ሙቀቱ ሲፈቅድላቸው ከመደበኛው 2.6 ከፍ ብለው ስለሚሠሩ ነው። ሰኞ ደብተሬን ለመምህራችን ባሳያቸው ከፊርማቸው በታች «64» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉበት። 40ው ሥዕል 8,000 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ 2,560 ደቂቃ፤ ማለትም 42 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ።

ጉዳቱንም ላለመደበቅ እንዲህ ልበል። ነባሩ ኢ5-1620 በአንድ ኮር ሲሠራ እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ይደርስ ነበር፤ አዲሱ 3.3 ላይ ይቆማል። እትዬ ትልቅ ሞዴል ይዛ ስታዞረው «ትንሽ ከበደብኝ» ትላለች፤ ፋይል ለመክፈትም የሚፈጀው ጊዜ አልተሻሻለም። ሌላው የመብራት ነገር ነው። ከፊዚክስ ላቦራቶሪያችን በፈቃድ በተዋስሁት የዋት መለኪያ ሳየው፤ ማሽኑ በሬንደር ጊዜ ቀድሞ 190 ዋት ያህል ይስብ የነበረው አሁን 360 ሆኗል። መብራት ሲሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆይ የነበረው ዩፒኤስ አሁን 4 ደቂቃ አይሞላም፤ ሥራውን አስቀምጦ ለማጥፋት ብቻ ይበቃል።

ነገር ግን ለአንድ ሥዕል የሚወጣው ኀይል ቀንሷል። ቀድሞ 190 ዋት ለ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ አሁን 360 ዋት ለ64 ደቂቃ 0.38 ያህል ነው። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ባቀርብላቸው አንዳንዶቹ «ዋቱ ጨምሮ ፍጆታው እንዴት ይቀንሳል?» ብለው ተከራከሩኝ። ክርክሩ እስከ ደወሉ ድረስ ቈየ፤ በዚህም ዋትና ኪሎዋት ሰዓት አንድ እንዳልሆኑ ከብዙ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይልቅ የገባን ይመስለኛል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር ከፍቶ ሁለተኛ መቀመጫ እንዳይፈልግ ደግሞ እሠጋለሁ፤ በተራ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የለምና። ከሰርቨርና ከወርክስቴሽን በስተቀር ብዙዎቹ የሚሠሩት ለአንድ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ግን ይህ ነገር ወደ ተራው ሰው ቤት ገብቶ ነበር። አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ1999 ቢ ፒ 6 የሚባል ማዘርቦርድ አወጣ፤ እርሱም ለርካሽ የቤት ኮምፒዩተር የተሠሩ ሁለት ሴሌሮን ፕሮሰሰሮችን በአንድነት ያሠራ ነበር። ኢንቴል ሴሌሮንን የሸጠው በጥንድ እንዲሠራ አስቦ አልነበረም። የሚያስቀው ግን በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የነበረው ዊንዶውስ 98 ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ጨርሶ አለመጠቀሙ ነው፤ ሁለቱንም ለማሠራት ዊንዶውስ ኤን ቲ ወይም ሊኑክስ ያስፈልግ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን ኢንቴልም ኤ ኤም ዲም ሁለት ኮር በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ አድርገው ለተራው ገዢ መሸጥ ስለ ጀመሩ፤ ሁለት መቀመጫ የመፈለጉ ነገር ቀስ በቀስ ለከባድ ሥራ ብቻ ቀረ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ 8 ኮር ያለው መሆኑ የተለመደ ነው።

እትዬ ሥራዋን ታኅሣሥ 20 ቀን አስረከበች። ሶፋው መጀመሪያ ግራጫ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ፤ በመጨረሻም እንደ ቀድሞው ቡናማ ሆነ፤ እርስዋም ሦስቱንም ጊዜ ሳትቆጣ ቀየረችው። ነባሩን ኢ5-1620 ለትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ለማሳያ ሰጥቼዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያገኘዋል። ራይዘሩ ላይ ገና ሁለት ባዶ የሜሞሪ ማስገቢያዎች አሉ፤ እትዬም አክስታችን መቼ እንደምትመለስ ከአሁኑ መጠየቅ ጀምራለች። ማሽኑ ሬንደር ሲያደርግ የሚተፋው ሙቀት ክፍሉን ስለሚያሞቀው፤ አያታችን ብርድ በሆነ ማታ ሁሉ ወንበራቸውን ወስደው ከጀርባው ይቀመጣሉ፤ «በሬዎቹ ዛሬ ያርሳሉ?» ብለውም ይጠይቃሉ።